ላፕቶፕ ሲግል፦ ስለ አቧራ ጽዳት ደሴ፣ ኮምቦልቻና አካባቢው ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ላፕቶፕ ጥገና ላይ ለሚውል ሰው ክረምት ከበጋ የማይቋረጥ አቤቱታ ቢኖር ይኼ ነው፦ "ይግላል፣ ይጮኻል፣ ከዚያ ድርግም ይላል።" የደሴው ተማሪም፣ የኮምቦልቻው የቢሮ ሠራተኛም፣ የባቲና የከሚሴ ነጋዴም የሚሉት ያንኑ ነው። አብዛኛው ሰው ማሽኑ አርጅቷል፣ አዲስ መግዛቴ ነው ብሎ ተስፋ ቆርጦ ይመጣል። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው የአየር መውጫውን ነው፤ ብዙ ጊዜም ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የሚከተለውን አንብቡ።

የሚግለው በአቧራ መሆኑን በምን ላውቅ?

ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና አሥር ደቂቃ ያህል ቪዲዮ ክፈቱበት። ከዚያ መዳፋችሁን አየር መውጫው ፊት ያዙ። መውጫው በብዙዎቹ ሞዴሎች በጎን በኩል ወይም ከኋላ፣ ስክሪኑ የሚታጠፍበት ሥር ነው። መግቢያው ደግሞ ሆዱ ላይ ያለው ወንፊት ነው።

ፋኑ እየጮኸ መዳፋችሁ ላይ የሚደርሰው አየር እዚህ ግባ የማይባል ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል፤ የአቧራ ዋናው ምልክት ይኼ ነው። አየሩ በኃይል እየወጣ ግን ለብ ያለ ብቻ ከሆነ፣ የላፕቶፑ ሆድ ደግሞ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ ተርማል ፔስቱ ይዞራል። ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ (ስሌቱን ከሚሠራው ዋና ቺፕ) ወደ ማቀዝቀዣው መዳብ የሚያሻግረው ቅባት ደርቆ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ፋን ያለው ማሽን እየጋለ ጭራሽ የፋን ድምፅ ከሌለ ፋኑ ራሱ ሞቷል፣ ወይም ሶኬቱ ወልቋል። አየሩ በኃይል ወጥቶ የጋለም ከሆነ ግን ማቀዝቀዣው ሥራውን እየሠራ ነው፤ ፕሮሰሰሩን እረፍት የነሳው አንድ ፕሮግራም አለና እሱን ፈልጉ።

ይህች የመዳፍ ሙከራ ምንም ወጪ የላትም። ላፕቶፓችሁን ተቀብሎ እሷን ሳይሞክር ካቻቢቴ የሚያነሳ ሰው ካጋጠማችሁ፣ መጀመሪያ እንዲሞክር ጠይቁት።

ስንት ዲግሪ ሲደርስ ነው በዛ የሚባለው?

ኮር ቴምፕ ወይም ኤችደብሊው ሞኒተር የሚባሉትን ነፃ ፕሮግራሞች ጫኑ፤ የፕሮሰሰሩን የእያንዳንዱን ክፍል (ኮር) ሙቀት ያሳያሉ። ምንም ሳትሠሩበት ከ40 እስከ 55 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከባድ ሥራ ላይ ደግሞ ከ70 እስከ 90 ቢሆን አያስደነግጥም። የአብዛኞቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ወሰን 100 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወርድና ክሮም ብቻ ከፍታችሁ 90ን የሚነካ ከሆነ መጽዳት ከነበረበት ጊዜ አልፏል።

ስታነጻጽሩ ቦታውንና ሰዓቱን አትቀላቅሉ። የክፍሉ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የፕሮሰሰሩም በዚያው ያህል ይጨምራል። ጠዋት ደሴ የለካችሁትን ከሰዓት ኮምቦልቻ ከለካችሁት ጋር አስተያይታችሁ "ተበላሸ" እንዳትሉ።

ሲግል ለምን ይንቀራፈፋል?

ፕሮሰሰሩ ራሱን ስለሚከላከል ነው። ወሰኑ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከ3 ጊጋኸርዝ በላይ ይሮጥ የነበረው ወደ 1 ጊጋኸርዝ ሊወርድ ይችላል። ቀንሶም ካልበረደ ማሽኑ ሳያስጠነቅቅ ይጠፋል፤ ሴቭ ያልተደረገው ሥራም አብሮ ይሄዳል። ፍጥነቱን ለማየት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑና በታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለውን ክፈቱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያሳስት ነገር አለ። ዴል ላፕቶፕ ያላችሁ፣ ማሽኑ ሳይግል የሚንቀራፈፍ ከሆነና ፍጥነቱ 0.8 ጊጋኸርዝ አካባቢ ተቸንክሮ ከቀረ ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩት። ዴል የተሰካበትን ቻርጀር ካላወቀው ሆን ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ባትሪውንም ላይሞላ ይችላል። ይህ የቻርጀር ጉዳይ እንጂ የአቧራ አይደለም። በዚህ ምክንያት ላፕቶፕ ተከፍቶ ሲጸዳ ማየት ያሳዝነኛል።

መውጫውን ከውጭ በደንብ ነፍቼዋለሁ፤ ንጹሕም ይመስላል። ታዲያ ለምን አልበረደም?

ከሁሉም ጥያቄዎች በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይኼ ነው።

የላፕቶፕ ማቀዝቀዣ አሠራሩ እንዲህ ነው። ፕሮሰሰሩ ላይ የመዳብ ሳህን ተጭኗል። ከሳህኑ ጠፍጣፋ የመዳብ ቱቦ ተነስቶ ወደ ጠርዝ ይሄዳል። ቱቦው ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ አለ፤ በፕሮሰሰሩ በኩል ይተናል፣ በዳር በኩል ይቀዘቅዝና ይመለሳል፤ ሙቀቱን እየተመላለሰ የሚያጓጉዘው እሱ ነው። ቱቦው የሚያልቀው ጥቅጥቅ ብለው በተደረደሩ ስስ የብረት ክንፎች ላይ ነው፤ ሂት ሲንክ የምንለው ይህንን ነው። በክንፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ2 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ፋኑ አየር ከሆዱ በኩል ስቦ በእነዚህ ክፍተቶች ውስጥ ይገፋውና በመውጫው ያስወጣዋል።

ፋኑ የሳበው ክር፣ ፀጉርና ብናኝ ሁሉ ክንፎቹ ጋ ሲደርስ ማለፊያ ያጣል። የሚቆመው በፋኑና በክንፎቹ መካከል፣ ከውስጥ በኩል ነው። በመውጫው ብታዩ የሚታያችሁ የክንፎቹ የውጭ ፊት ነው፤ እሱ ንጹሕ ነው። ሆዱ ላይ ባለው ወንፊት ብታዩ የሚታያችሁ የፋኑ ምላጭ ነው፤ እሱም ቢበዛ ስስ አቧራ ለብሷል። የዘጋው ነገር የተቀመጠው ከሁለቱም ወገን በማይታይበት ቦታ ነው።

ተከፍቶ ሲታይ ብቻ ነው የሚገባው። የፋኑ ክዳን ሲነሳ ክንፎቹን ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ ግራጫ ባዘቶ ይገኛል። ጫፉን በወረንጦ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ስትስቡት አይበጠስም፤ የክንፎቹ መስመር እንደታተመበት በአንድ ቁራጭ ይወጣል። የክረምት ብርድ ልብስ ያልተለየው የተማሪ ላፕቶፕ ከሆነ ነጣ ያለና ወፍራም ነው፤ ከመንገድ ዳር ሱቅ የመጣ ከሆነ ቡናማና ሲነኩት የሚፈረካከስ ነው። ይህንን ያየ ሰው ላፕቶፑ ለምን ትንፋሽ እንዳጠረው ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

እንግዲህ ከውጭ ወደ ውስጥ ስትነፉ ይህ ባዘቶ ወደ ኋላ ወደ ፋኑ ይገፋል እንጂ አይወጣም። ጥቂት ቀን የተሻለ መስሎ ይታያችኋል፤ ፋኑ ግን መልሶ ስቦ እዚያው ይለጥፈዋል። ይባስ ብሎ የተቆረሰ ቁራጭ ምላጩ ውስጥ ገብቶ ፋኑን ሊያቆመው ይችላል። የውጭ ንፊያ የሚጠቅመው በየጥቂት ወሩ ለሚጸዳ ማሽን ነው፤ ዓመታት ተከፍቶ ለማያውቅ ግን መክፈት የግድ ነው።

ደሴ ብርድ ናት። በዚህ ብርድ ላፕቶፕ እንዴት ይግላል?

ብርዱ ራሱ ነው አንዱ ምክንያት። ማታ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ሲጠና ሰው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ላፕቶፑን ብርድ ልብስ ላይ አድርጎ አልጋው ላይ ይሠራል። የላፕቶፑ መግቢያ ሆዱ ሥር ነው፤ ጋቢና ብርድ ልብስ ይደፍኑታል። ያልተደፈነው ቀዳዳ ደግሞ የጥጥ ክሩን ቀን በቀን ይስባል። ፍራሽና ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ መሥራትም ያው ነው፤ አቧራ የሚበዛው ወለሉ አጠገብ ነውና።

ሌላው ምክንያት ከፍታው ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር፣ የሙቀቱ መጠን እኩል ቢሆን እንኳ፣ ከጅቡቲ ወደብ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋን ሙቀትን የሚያወጣው በአየር አሸክሞ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ በአንድ ዙር የሚሸከመውም ይቀንሳል። አብሽሩ፣ ብዙ አምራቾች ላፕቶፖቻቸው እስከ 3,048 ሜትር ድረስ እንደሚሠሩ ይጽፋሉ፤ ቅዝቃዜውም የሳሳውን አየር በከፊል ያካክሳል። ነገር ግን ቆላ ላይ ግማሽ መንገዱ ተዘግቶም የሚንገታገት ማሽን እዚህ ቶሎ እጅ ይሰጣል።

ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ቆቦ ላለንስ?

ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሙቀቷ ሌላ ነው። ባቲና ቆቦ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላሉ። እዚያ ማሽኑ ሥራውን የሚጀምረው ከሞቀ አየር ነው፤ ስለዚህ ትንሽ መዘጋት ብዙ ይጎዳል። ከባድ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ዳር ያለ ሱቅ፣ ሰኞ ሰኞ የባቲ ገበያ የሚተራመስበት አካባቢ ያለ ቢሮ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢያስጸዳ አይበዛበትም። ላፕቶፑን ከበር ፊት ለፊት አታስቀምጡት፤ ሥራ ሲያልቅም ክደኑትና ንጹሕ ጨርቅ ጣሉበት። ጨርቁን የምትጥሉት ግን ከጠፋ በኋላ ነው።

ቡና እየተፈላ አጠገቡ ብሠራ ምን ችግር አለው?

ጭሱ አለ። ወሎ ላይ ቡና ያለ ዕጣን አይሆንም፤ የዕጣን ጭስ ደግሞ ሙጫ አዘል ነው። ፋኑ ሲስበው ምላጩና ክንፎቹ ላይ ስስ የሚያጣብቅ ሽፋን ይሠራል፣ ብናኙ እሱ ላይ ይያዛል። እንዲህ ያለውን አቧራ ንፊያ አያነሳውም፤ በብሩሽና በአልኮል መጥረግ ያስፈልጋል። የማገዶ ጭስና የእንጀራ ምጣድ አካባቢም ያው ነው። ቡናውን ጀባ ሲሏችሁ ላፕቶፑን ክደኑትና ተነሱ፤ ቡናው ሲያልቅ ትመለሱበታላችሁ። ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ቢያንስ ከረከቦቱና ከማጨሻው ራቅ አድርጉት፣ ወለል ላይ አታስቀምጡት።

ራሴ መክፈት እችላለሁ?

እጃችሁ የተረጋጋ ከሆነና የማትቸኩሉ ከሆነ፣ አዎ። የቆዩ ኤችፒ ኤሊትቡክና ዴል ላቲቲዩድ ማሽኖች የተሠሩት ለጥገና ታስበው ስለሆነ ሆዳቸው በቀላሉ ይነሳል፤ ኤሊትቡክ 8460ፒን የመሰሉት ያለ ካቻቢቴ፣ መቆለፊያ ገፍቶ ብቻ ይከፈታሉ። በጣም ስስ የሆኑ አዳዲስ ሞዴሎችና ኪቦርዳቸው ካልተነሳ የማይከፈቱት ግን ለለመደ ሰው ቢተው ይሻላል። ከመጀመራችሁ በፊት የሞዴሉን ስም ጽፋችሁ ዩቲዩብ ላይ አከፋፈቱን እስከ መጨረሻው እዩ። ዋስትናው ያላለቀ አዲስ ማሽንም ከሆነ አትንኩት፣ ወደ ሻጩ ውሰዱት።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ አፉ መስቀል የሆነ ትንሽ ካቻቢቴ፣ ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ወረንጦ፣ ስቴክኒ፣ ወረቀትና ፕላስተር። ብሎወር ወይም በጣሳ የታሸገ አየር ከተገኘ ጥሩ ነው።

እሺ፣ አከፋፈቱን ንገሩኝ።

መጀመሪያ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፉት፤ ስሊፕ ማድረግ ማጥፋት አይደለም። ቻርጀሩን ንቀሉ። ባትሪው ከውጭ የሚወልቅ ከሆነ አውልቁት፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፣ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲያልቅ። ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ሥሩ። በጋ ላይ አየሩ ስለሚደርቅ ሹራብና ምንጣፍ በሰውነት ላይ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማሉ፤ ቦርዱን (ቺፖቹ የተገጠሙበትን ሰሌዳ) ከመንካታችሁ በፊት የብረት መስኮት ወይም በር ንኩ።

ወረቀቱ ላይ የላፕቶፑን ሆድ ንድፍ ሳሉና እያንዳንዱን ብሎን ከወጣበት ቦታ ላይ በፕላስተር ለጥፉት። የብሎኖቹ ርዝመት ይለያያል፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ኪቦርዱን ከሥር ሊወጋው፣ አልፎም ቦርዱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ብሎኑ ሁሉ ወጥቶ ክዳኑ እንቢ ካለ በኃይል አትሳቡ፤ ከጎማ እግሩ ወይም ከተለጠፈው ወረቀት ሥር የተደበቀ ብሎን ይኖራል። የኤቲኤም ካርዱን በስንጥቁ እያስገባችሁ ዙሪያውን ቀስ በቀስ አላቁ።

ክዳኑ እንደተነሳ ከምንም በፊት የባትሪውን ሶኬት ከቦርዱ ንቀሉ። ሶኬቱን ራሱን ያዙት እንጂ ሽቦውን አትጎትቱ። ፋኑ ለብቻው የሚወልቅ ከሆነ ሶኬቱንና ብሎኖቹን ፈታችሁ እሱን ብቻ አንሱ፤ መዳቡን አትንኩት። ያን ጊዜ ባዘቶውን ፊት ለፊት ታገኙታላችሁ። በወረንጦ አንሱት፣ የቀረውን በብሩሽ ከውስጥ ወደ ውጭ ጥረጉ። ክንፎቹ ስስ ስለሆኑ ብሩሹን በክፍተቱ አቅጣጫ ውሰዱት፤ አግድም ከጠረጋችሁ ይታጠፋሉ። የፋኑን ምላጭ አንድ በአንድ ጥረጉ።

የምትነፉ ከሆነ ፋኑን እንዳይዞር በስቴክኒ ያዙት። በንፋስ ኃይል እንዲሽከረከር ከተተወ ከተሠራበት ፍጥነት አልፎ ይዞርና መሽከርከሪያው ይጎዳል፣ ኤሌክትሪክ እያመነጨም ወደ ቦርዱ ሊመልስ ይችላል። ይህንን ሥራ በረንዳ ላይ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ሥሩት፤ የሚወጣው ብናኝ ለሳንባ አይበጅም። ስትመልሱ የባትሪው ሶኬት የመጨረሻው ይሁን።

ጎሚስታ ቤት ባስነፋውስ? በአፌስ?

የጎሚስታ ኮምፕረሰር ለጎማ ነው። ግፊቱ ከሚያስፈልገው በላይ ነው፣ ታንከሩ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃና ዘይትም አብሮ ይወጣል፤ ቦርድ ላይ ያ መርዝ ነው። በአፍ መንፋት ምራቅ ይረጫል። የቤት ምንጣፍ መጥረጊያ ቫኪዩም ጫፉ ላይ ኤሌክትሪክ ስለሚያጠራቅም ቦርድ አጠገብ አይቅረብ። የፀጉር ፎን ሙቁ ይጎዳል፣ ቀዝቃዛው ደካማ ነው። በጣሳ የታሸገውን አየር ደግሞ ጣሳውን ቀጥ አድርጋችሁ ተጠቀሙ፤ ከተዘቀዘቀ በረዶ የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል።

አልኮል ባላገኝ በአረቄ ወይም በቤንዚን ላጽዳው?

አይሆንም። አረቄ ውስጥ ያለው ውሃ ይበዛል። ቤንዚን ፕላስቲክ ይበላል፣ እሳትም ነው። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል የሚያጣብቅ ነገር ትቶ ይሄዳል። የሚፈለገው 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። 70 በመቶው ብቻ ከተገኘ ከማሽኑ የወጡትን የብረት ክንፎች ለመጥረግ ይሆናል፤ በደንብ ደርቀው ይመለሱ። አልኮል ካልተገኘ ደረቅ ብሩሽ ብቻውን አብዛኛውን ሥራ ይሠራል።

ተርማል ፔስት መቀየር ግዴታ ነው?

መዳቡ ከፕሮሰሰሩ ላይ ከተነሳ፣ አዎ። አንዴ የተላቀቀ ፔስት መልሶ አይገጥምም። ካልተነሳና ከጽዳት በኋላ ሙቀቱ ከወረደ አትንኩት። ማሽኑ ብዙ ዓመት ሠርቶ ፔስቱ ደርቆ የሚፈረፈር ከሆነ ግን መቀየሩ ልዩነት ያመጣል።

ስትቀይሩ አሮጌውን አልኮል ውስጥ በተነከረ ለስላሳ ጨርቅ እስኪያብለጨልጭ ጥረጉ። አዲሱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ጠብታ ትበቃዋለች፤ የቺፑን ፊት በሙሉ የሚሸፍን ስስ ንብርብር ይሁን። በዝቶ ሲፈስ አየሁ፣ ጥቅሙ ግን አይጨምርም። የመዳቡ ብሎኖች አጠገብ ብዙ ጊዜ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ ስታጠብቁ ያንን ቅደም ተከተል ይዛችሁ በየተራ ትንሽ ትንሽ አጥብቁ። በሌሎቹ ትናንሽ ቺፖች ላይ ያሉትን ተርማል ፓድ የሚባሉ ለስላሳ ቁራጮች በፔስት አትተኩ፤ ፓዱ ውፍረት አለው፣ ፔስቱ ያንን ክፍተት አይሞላም።

ጸድቶም ይግላል። አሁንስ?

ታስክ ማናጀርን ክፈቱና ምንም ሳትሠሩ ሲፒዩው (ፕሮሰሰሩ) ስንት በመቶ ላይ እንዳለ እዩ። ከ10 በመቶ በታች ሆኖ ፋኑ የሚጮኽ ከሆነ ችግሩ ገና ማቀዝቀዣው ላይ ነው፤ ፔስቱን፣ የመዳቡን ብሎኖችና የፋኑን ጤንነት ተመልከቱ። ፋኑ የሚያንቋቋ ወይም የሚፋጭ ድምፅ ካለው መሽከርከሪያው አልቋል፤ ዘይት መጨመር ለጥቂት ጊዜ ቢያረሳሳም መፍትሔው መቀየር ነው። ኤችፒ ሲነሳ 90ቢ የሚል መልእክት ካሳየ ፋኑ አልተገጠመም ወይም አይዞርም ማለት ነው።

ሲፒዩው ያለ ሥራ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ ከዝርዝሩ እዩ። ዊንዶውስ አፕዴት ከሆነ እስኪጨርስ ታገሡት። ብዙ ታብ የተከፈተበት ክሮም ከሆነ ዝጉ። ስሙን የማታውቁት ከሆነና ማሽኑ ላይ ከፍላሽ የተገለበጠ ክራክ ሶፍትዌር ካለ፣ ክሪፕቶ የሚባለውን የዲጂታል ገንዘብ ለማውጣት የእናንተን ፕሮሰሰር የሚጠቀም ቫይረስ ሊሆን ይችላል። በዊንዶውስ ዲፌንደር ሙሉ ስካን አድርጉ።

ኩሊንግ ፓድ (ከላፕቶፕ ሥር የሚደረግ ባለ ፋን ማቀዝቀዣ) ልግዛ?

መንገዱ ለተዘጋ ማሽን ገንዘብ ማባከን ነው። ለጸዳ ማሽን ጥቂት ዲግሪ ይቀንሳል። የላፕቶፑን የኋላ ጠርዝ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ደብተር ከሥሩ ብታስገቡ፣ ወንፊቱን ሳትሸፍኑ፣ ተቀራራቢ ጥቅም ታገኛላችሁ።

ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስሄድ ቦርሳ ውስጥ ይግላል። ምንድን ነው?

ክዳኑን ብቻ ዘግታችሁ ስለያዛችሁት ነው። በርካታ አዳዲስ ላፕቶፖች ስሊፕ ላይ ሆነው ኢሜይልና አፕዴት ለመፈተሽ ራሳቸው ይነሳሉ፤ ቦርሳው ውስጥ አየር ስለሌለ ይግላሉ፣ ባትሪውንም ይጨርሳሉ። መንገድ ስትወጡ ሃይበርኔት አድርጉት (የተከፈተውን ሥራ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይጠፋል) ወይም አጥፉት።

ማውስ ፓዱ ከፍ ከፍ ብሏል፣ ክዳኑም አልገጥም አለ። ይህስ አቧራ ነው?

አይደለም። ባትሪው አብጧል። አሁኑኑ አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ አትጫኑት፣ አትውጉት፣ ጠፍጣፋ ለማድረግ አትሞክሩ። ያበጠ የሊቲየም ባትሪ ሲበሳ በእሳት ሊነድ ይችላል። አልጋና መጋረጃ ካለበት አርቃችሁ አስቀምጡትና ባትሪ መቀየር ወደሚችል ሰው ውሰዱት። በዚህ ሁኔታ እያለ ልጆች ባሉበት ቤት ውስጥ ላፕቶፑ እንዳይውል እለምናችኋለሁ።

ባለሙያ ጋ ስወስደው ምን ልጠይቅ?

ዋጋውን ከመከፈቱ በፊት ተስማሙ፤ ጽዳት ለብቻው፣ ፔስት ለብቻው፣ ፋን መቀየር ለብቻው። ፋይሎቻችሁን አስቀድማችሁ በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ገልብጡ። ከተቻለ ሲከፈት ቁሙና እዩ፤ የወጣውን አቧራ እንዲያሳያችሁ መጠየቅ ነውር የለውም። ፋን ተቀይሯል ከተባለ አሮጌውን ተቀበሉ። ከመውጣታችሁ በፊት እዚያው የመዳፍ ሙከራውን ድገሙት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹም ባዶ አለመሆናቸውን ቁጠሩ። የይለፍ ቃላችሁን ለጽዳት ብቻ መስጠት አያስፈልግም።

በስንት ጊዜ ላጽዳው?

ጠረጴዛ ላይ የሚውል የደሴ ላፕቶፕ በዓመት አንዴ ይበቃዋል። አልጋና ፍራሽ ላይ የሚውል፣ ኮምቦልቻና ቆላው አካባቢ ያለ፣ ሱቅና ወፍጮ ቤት አጠገብ ያለ በየስድስት ወሩ። ወቅት ምረጡ ካላችሁኝ ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ የበጋው አቧራ ተጠራቅሞ ባለበት ጊዜ ነው።

ማክቡክ ኤር አለኝ፤ የፋን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

በ2020 የወጣው ባለ ኤም 1 ቺፕ ማክቡክ ኤርና ከእሱ ወዲህ የመጡት ኤሮች ፋን የላቸውም፤ የሚጸዳ ነገርም የለም። ከዚያ በፊት የነበሩት ፋን አላቸው፤ ብሎናቸው ግን አምስት ቅጠል ያለው ልዩ ስለሆነ የራሱ ካቻቢቴ ሳይገኝ አትጀምሩት።

ነገ የመመረቂያ ጽሑፍ አስረክባለሁ፤ ላፕቶፔ ደግሞ በየሃያ ደቂቃው ይጠፋል። ዛሬ ማታ መክፈት አልችልም።

ለዛሬ ማታ የሚሆን ዘዴ አለ። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ከዚያ አድቫንስድ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንት ግቡ። ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለውን ከ100 ወደ 99 በመቶ አውርዱት። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ይህ ተርቦ የሚባለውን ተጨማሪ ፍጥነት ስለሚያጠፋ ሙቀቱ ወዲያው ይወርዳል፤ ወርድ ላይ ለመጻፍ ፍጥነቱ ይበቃል። ካልበቃው 70 ድረስ አውርዱ። ማሽኑን ከአልጋ አንሱና ጠረጴዛ ላይ አድርጉት፣ ከኋላው ደብተር ደግፉ፣ ክሮምን ዝጉ፣ መስኮት አጠገብ ሥሩ፤ የደሴ የሌሊት አየር ለዚህ ያግዛል። በየገጹ ኮንትሮልና ኤስን ተጫኑ፣ አንድ ቅጂም ወደ ኢሜይላችሁ ላኩ። ካስረከባችሁ በኋላ ቁጥሩን ወደ 100 መልሱና ማሽኑን ለጽዳት ክፈቱት።